ከሁለት ጎብናት አንዷን ስለቀነሱልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የትንንሽ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ቆጠራ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ደብሊን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም የቢሮዎን ማሞቂያ ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ የኩምናሞ ሸለቆ ነዋሪዎች፣ ዝናቡ ሳይለየን፣ ደህና ነን። ደህና ስል፣ ክቡርነትዎ በሪፖርትዎ ላይ «አጥጋቢ» ብለው የሚጽፉትን ዓይነት ደህንነት ማለቴ ነው።

እኔ የኩምናሞ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአስተዳደር ቦርድ ሰብሳቢ ነኝ። ለዚህ ማዕረግ የበቃሁት ምርጫው በተካሄደበት ስብሰባ ላይ ስላልተገኘሁ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴም ክቡርነትዎን ለማሳፈር አይደለም፤ ሰው የሚያፍረው በሚያውቀው ሰው ፊት ነውና። ዓላማዬ ምስጋና ማቅረብ ብቻ ነው። ምስጋናዎቹ ስለበዙ፣ ክቡርነትዎ ቁጥር እንደሚወዱ በማስታወስ፣ በተራ ቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ጽሕፈት ቤትዎ የቋንቋ ችሎታ እናመሰግናለን።

በሸለቋችን ዶናል ክሮኒንና ጄሪ ክሮኒን የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት፣ በዚያውም በቅድስት ጎብናት በዓል ዕለት፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሴት ሴት ልጅ ተገላገሉ። በእኛ አገር በዚያ ቀን ለተወለደች ልጅ ሌላ ስም ማውጣት አይታሰብም፤ ቅድስቲቱ የንቦች ጠባቂ ስለሆነች ነገሩ አደጋም አለው። ደግሞም የሁለቱ ሕፃናት አያት ስም ራሱ ይኸው ነው። ዶናል የአይሪሽ ቋንቋ ነገር የማይሆንለት ሰው ነውና ልጁን በአይሪሽ «ጎብናት ኒ ኽሮኒን» ብሎ አስመዘገበ። ጄሪ ግን «ነገ ለንደን ብትሄድ ስሟን የሚጠራላት ታግኝ እንጂ» ብሎ በእንግሊዝኛ «አቢ ክሮኒን» አስባላት። ጎብናት በእንግሊዝኛ አቢ የምትባለው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እንግሊዞቹም ሲሄዱ አልነገሩንም።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ማንኛውም ዜጋ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ደውሎ በአይሪሽ ቢናገር «አንድ ጊዜ ይጠብቁ» ይባልና የሚያነጋግረው ሰው እስኪገኝ ሙዚቃ እየሰማ ይሸብታል። በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግን እንዲህ አይደለም። በሴፕቴምበር መጨረሻ የተማሪዎቻችንን ስም ዝርዝር ስንልክ፣ አቶ ፊያክራ ላለር የተባሉ ባልደረባዎ ሁለቱን ስሞች አይተው አንድ መሆናቸውን ያለ አስተርጓሚ ተረዱ፤ አንዲት ልጅ በሁለት ቋንቋ ሁለት ጊዜ ተመዝግባለች ብለውም እንግሊዝኛዋን ሰረዙ። ሁለተኛ አስተማሪ ለማቆየት ከሚያስፈልገን ቁጥር በአንድ ልጅ ጎደልን። ሹማምንቱ አይሪሽ አይችሉም ብለን ስናማ ኖረን፣ አንድ ሹም በመቻሉ አስተማሪ የሚወሰድበት ትምህርት ቤት ስንሆን ማየት ራሱን የቻለ ክብር ነው።

ርእሰ መምህርታችን ወይዘሮ ኖራ ሉሲ ስልክ ደውላ ያደረገችውን ንግግር፣ ማድመጫውን ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጋው ስለነበር፣ እንዳለ አቀርባለሁ።

«ወይዘሮ ሉሲ፣ ጎብናት ማለት በእንግሊዝኛ አቢ አይደለም እንዴ?» አሉ አቶ ላለር።

«ነው እንጂ።»

«ኒ ኽሮኒንስ ክሮኒን ማለት አይደለም?»

«ነው፤ ግን እኮ…»

«የልደት ቀናቸው አንድ፣ አድራሻቸው አንድ!»

«አንድ ነው ጌታዬ፤ አባቶቻቸው ግን ሁለት ናቸው!»

«እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ጽሕፈት ቤታችን በዚያ ጣልቃ አይገባም።»

የሁለቱ ልጆች የመታወቂያ ቁጥር የተለያየ መሆኑን ስትነግራቸውም፣ ቁጥር የሌላ መሥሪያ ቤት ስህተት ሊሆን እንደሚችል፣ ስም ግን ስም እንደሆነ በትዕግሥት አስረዷት። ኖራ ስልኩን ዘግታ ሻይ አፈላች። ማናችንም አልጮኽንም። ክቡርነትዎ ይህን እንዲያውቁልን እወዳለሁ፦ እዚህ አካባቢ መጮህ ካቆምን ቆይተናል።

፪. አቤቱታችንን ሰምተው አቶ ላለርን በአካል ስለላኩልን ደግሞ እናመሰግናለን።

ሰውየው ትሑት ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ነው የገቡት። የታችኛዎቹን ክፍሎች የምታስተምረው ቲቸር አይሊሽ ኩጋን ለእሳቸው ክብር ስትል አዲስ ሹራብ ለብሳ መጥታለች። እንጀራዋ በዚያ ጉብኝት ላይ እንደተንጠለጠለ ታውቃለች፤ አንዷ ልጅ ካልተቆጠረች የምትሰናበተው እሷ ናት። በትምህርት ቤታችን፣ እንደ ብዙዎቹ የሀገራችን ትምህርት ቤቶች፣ ጠዋት ስም የሚጠራው በአይሪሽ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጠመቀውም ልጅ በራችንን ሲያልፍ ስሙ ይገለበጣል። በሌላው ቀን አይሊሽ ሁለቱን የምትለያቸው በአባቶቻቸው ነበር፤ «ጎብናት ዶናል»፣ «ጎብናት ጄሪ» እያለች። በዚያን ዕለት ግን ከደብሊን እንግዳ መጥቶ እንደ ሰፈር ወሬ በአባት ስም መጥራት ነውር መሰላትና ሙሉውን፣ በወጉ ጠራችው።

«ጎብናት ኒ ኽሮኒን!»

«አንሾ!» አለች የዶናል ልጅ። «አለሁ» ማለት ነው።

«ጎብናት ኒ ኽሮኒን!»

«አንሾ!» አለች የጄሪ ልጅ።

አቶ ላለር አንድ ስም ሁለት ጊዜ ሲጠራ ሰሙ። ሁለት ልጆች መቆማቸውን አልካዱም፤ በዚህ ልናማቸው አንችልም። ነገር ግን አንዷ ጎብናት ናት፣ ሌላዋም ጎብናት ናት፣ ጎብናት ደግሞ ተቆጥራለች። ስለዚህ ተንበርክከው፣ በአባትነት ድምፅ፣ «ከእናንተ መሃል አቢ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

የዶናል ልጅ አፏ ፈጣን ነው። «አቢ እዚህ አትማርም፤ እቤት ናት» አለች።

«እቤት ምን ታደርጋለች?»

«ቴሌቪዥን ታያለች። ጉልበቷን ያማታል።»

«አያታቸውን ነው የምትለው!» አለች አይሊሽ።

«ግድ የለም ቲቸር፣ ልጆች አይዋሹም» አሉ አቶ ላለር እየጻፉ።

እውነታቸውን ነው፤ አልዋሸችም። በክሮኒኖች ግቢ «አቢ» ሲባል ቀና የሚሉት አሮጊቷ ናቸው። የጄሪ ልጅ ደግሞ ዓይን አፋር በመሆኗ፣ ስለ አያቷ የተባለውም ሁሉ ትክክል በመሆኑ፣ ዝም አለች። ሪፖርቱ ሲመጣ «አቢ ክሮኒን በትምህርት ገበታዋ ላይ አልተገኘችም፤ በጉልበት ሕመም እቤት ትውላለች» ይላል። እስከዚያ ድረስ ጨርሶ ያልነበረች ልጅ፣ አርጅታም ቢሆን፣ መኖሯ በጽሑፍ መረጋገጡን እንደ መሻሻል ቆጥረነዋል።

፫. ለልጆቻችን አዲስ ጨዋታ ስላስተማሩልን እናመሰግናለን።

ሕፃናት ጆሮ አላቸው። ከጉብኝቱ በኋላ ሁለቱ የአጎት ልጆች በመጫወቻ ሜዳው ላይ ማንኛቸው እንደሌለች ሲከራከሩ ይሰሙ ጀመር።

«አንቺ ነሽ የሌለሽው! ደብሊን ያሉት የሚያውቁት እኔን ነው!»

«አለሁ! ጥርሴ ወልቋል፤ የሌለ ሰው ጥርሱ አይወልቅም!»

«ባዶ አፍ!»

«ባዶ አፍ ይሻላል ከባዶ ጭንቅላት!»

ይህን ስሰማ ሳቅኩ፤ መሳቅ እንዳለብኝ ስለማውቅ ነው የሳቅኩት። አንድ ጠዋት ግን ስም ሲጠራ የጄሪ ልጅ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ዛሬ እኔ ልበል ወይስ እሷ ትበል?» ብላ ጠየቀች። አይሊሽ «ሁለታችሁም በሉ የኔ ቆንጆ» አለቻት። ልጅቷ ትንሽ አስባ «አንድ ሰው ከሆንን ግን አንድ ጊዜ ይበቃል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ሲጠራ መልስ የምትሰጥላት የአጎቷ ልጅ ናት። ክቡርነትዎ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ የቁጠባ መንፈስ ማስተማር የትኛውም መጽሐፍ ያልቻለው ነው።

፬. ስለ «ጊዜያዊው» ክፍልም ምስጋና አለን። ጄሪ ክሮኒን ራሱ ፊደል ሲቆጥር ለጥቂት ወራት ተብሎ በጭነት መኪና የመጣው የእንጨት ሳጥን ዛሬም ቆሟል፤ ዝናብ ሲጥል ውስጡ የሚማሩት ልጆች ደጅ ካሉት የሚለዩት በወንበር ነው። የማሞቂያ ዘይቱን የሚገዛው ወላጅ ነው፤ በወረቀት ላይ የውዴታ መዋጮ ይባላል፤ እናንተ ውዴታ ትሉታላችሁ፣ ክረምቱ ግዴታ ይለዋል፣ እኛ የውዴታ ግዴታ ብለን አስታርቀናችኋል።

፭. በመጨረሻም ውሳኔዎን ሳያጓትቱ ስላሳወቁን።

በበጋው መጀመሪያ ትምህርት ሲዘጋ የቲቸር አይሊሽ ቦታ ተዘጋ። ወላጆች ኬክ ጋገሩላት፤ ቡድናችን የተሸነፈበትን የእግር ኳስ ጨዋታ አንስተን አወራን፤ ስለ ሌላው ነገር የተናገረ የለም። አይሊሽ ዱባይ ሥራ አገኘች። ከበጋው ዕረፍት በኋላ ኖራ ሉሲ፣ ከጨቅላዎቹ አንሥቶ ወደ ሁለተኛ ደረጃ እስከሚያልፉት ድረስ፣ ስምንቱንም ክፍል በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ማስተማር ጀመረች። ትልልቆቹን ስታስተምር ትንንሾቹ ሥዕል ይቀባሉ፤ ትንንሾቹን ስታስተምር ትልልቆቹ መስኮት ያያሉ። ኖራ ምን እንደሚሰማት ብጠይቃት «ምንም» አለችኝ። የተሰማኝን ልነግራት አሰብኩና ፈለግኩት፤ እኔም ዘንድ አልነበረም።

የትምህርት ዓመቱ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ጄሪ ክሮኒን አጥሬ ላይ መጥቶ ቆመ። ስለ ላሞች ጠየቀኝ፤ ስለ ላሞች መለስኩለት።

«ማቲ፣ አትቀየመኝ» አለ ቆይቶ። «ከተማ ልወስዳት ነው፤ የከተማው ትምህርት ቤት።»

«የዶናልስ?»

«የዶናል ልጅ እዚሁ ትቀራለች። እሱ ከዚህ ሸለቆ በሬሳ ሣጥን ካልሆነ አይወጣም፤ ታውቀው የለ። የኔዋ ግን… ማንም ሲጠራት አቤት አትልም እኮ። እናቷ ለእራት ስትጠራት እንኳ የአጎቷን ልጅ ነው የምታየው። የምትቆጠርበት ቦታ ልውሰዳት።»

አልተቀየምኩትም። እንደገና ስለ ላሞች ጥቂት አወራንና እሱም ሄደ።

ከዚህ በኋላ ነው፣ ክቡርነትዎ፣ ታላቁ ደብዳቤዎ የደረሰን። ጎብናት ኒ ኽሮኒንና አቢ ክሮኒን ሁለት የተለያዩ ልጆች መሆናቸውን ጽሕፈት ቤትዎ ከጥልቅ ምርመራ በኋላ እንዳረጋገጠ፣ ለተፈጠረው «የመረጃ መደራረብ» እንደሚያዝን፣ እንዲሁም ሁለቱም ልጆች በዘንድሮው ቆጠራ ዕለት በትምህርት ቤታችን ተመዝግበው ከተገኙ የሁለተኛ አስተማሪው ቦታ ወዲያውኑ እንደሚመለስልን ይገልጻል። ኖራ ደብዳቤውን ቆማ አነበበችው፤ ከዚያም የስም ዝርዝሩን አወጣችና ሞላችው። አንዲት ጎብናት። ልጆቹ ሁለት ሳሉ አንድ ናቸው ተባልን፤ አንድ ስትሆን ሁለት ናቸው ተባልን። አቶ ላለር በመጨረሻ ትክክል ስለሆኑ ከልብ እንኳን ደስ ያለዎት እያልኩ፣ ከእንግዲህ በቆጠራው ላይ ቅሬታ እንደማናቀርብ በአክብሮት አረጋግጣለሁ።

ጤናዎ እንዳይጓደል፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ልጆች ካሉዎትም በሄዱበት ሁሉ በሙሉ ቁጥራቸው እንዲቆጠሩ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥና ደንዛዥ አገልጋይ፣
ማቲ ኬሊሄር
የኩምናሞ ትምህርት ቤት ቦርድ ሰብሳቢ፣ በሌለበት የተመረጠ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል የከተማው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ደወሉልኝ። እዚያም ስም የሚጠራው በአይሪሽ ነውና አዲሷን ልጅ «ጎብናት ኒ ኽሮኒን» ብለው መዝግበው ልከውላችኋል። «አንዲት ልጅ በሁለት ትምህርት ቤት ልትመዘገብ አትችልም» ብላችሁ ትናንት ሰርዛችኋታል አሉ። አባቷ እስካሁን አልሰማም። ክቡርነትዎ ለሰው ማስረዳት የለመዱ ነዎትና፣ ለእሱም እርስዎ ቢያስረዱት ምን ይመስልዎታል?