ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዘፈነችው

ጥር 18

ብርዱ ዛሬም አልለቀቀም። ጋቢ ደርቤ ዐምዱን ጨርሼ ለመጽሔቱ ላክኩ። የማን ሠርግ እንደተራዘመ፣ ማን ጥርሱን እንዳስተከለ... ደብረ ብርሃን ለወሬ መቼ ታንሳለች?

ከሰዓት ልጆቹ ጋ ሄድኩ። "ውርጭ" ባንድ። ፀደንያ ትዘፍናለች፣ ነቢዩ ጊታር፣ ባየው ድራም። የባየው አባት የሱፍ መጋዘን ውስጥ ነው የሚለማመዱት። ነቢዩ ከስልኩ የማይለያቸው የዌልስ ሮከሮች አሉ።

"እትዬ ይመኙ፣ እነሱም እኮ ጭጋግ ካለበት ትንሽ ከተማ ነው የወጡት። እኛ ምን ይጎድለናል?"

"መብራት" አለ ባየው።

እንዳለውም ሄደ። በጨለማ ሳቅን።

ሦስት መድረክ አላቸው። ደብረ ሲና፣ ጫጫ፣ ከዚያ እዚሁ አዳራሽ፣ የካቲት 7። ለመጨረሻው አንድ ኮንሰርት አዘጋጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ያያቸዋል። ከወደዳቸው ይወስዳቸዋል። በማግስቱ ቅበላ፣ ሰኞ ጾም... እስከ ፋሲካ ማን መድረክ ይሰጣል?

ጥር 23

ደብረ ሲና። ገና በመጀመሪያው ዘፈን አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ "ምንድነው ይሄ ጩኸት!"

"ጩኸት ካልወደድክ ክላክስህን አውልቅ!" አለችው ፀደንያ በማይክ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ማን ያስወርዳት?

ስንመለስ፣ "አባቴ ለመጨረሻው ይመጣል" አለችኝ። አቶ አበባው፣ አንኮበር ያሉት የባና ሸማኔ። "ዘፋኝ ልጅ የለኝም" ብለው ሁለት ዓመት ዘግተዋት ነበር። በገና ታርቀዋል። ትንሽ ያስላቸዋል አለች። "በርኖሱን አስለብሼ ፊት ነው የማስቀምጠው!"

ጥር 30

ጫጫ። ዘጠና ሰው። ግማሹ ሚኒባስ እስኪሞላ የሚጠብቅ። ሚኒባሱ ሞልቶ እንኳ አልወጡም!

የካቲት 7፣ ጠዋት

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ስልክ። እትዬ ለተጊዮርጊስ፣ የፀደንያ አክስት።

"ይመኙ፣ ብቻሽን ነሽ?"

አቶ አበባው ትናንት ማታ አርፈዋል።

"ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለልጅቷ እንዳትነግሪያት።"

"እንዴ! አባቷን ሳትቀብር?"

"የሟች ቃል ነው እኮ። 'ሥራዋን እንዳታቋርጡባት' ብሏል። ፍሥሐ ነው የነገረን።" ፍሥሐ የፀደንያ ታላቅ ወንድም ነው። "ነገ ጎህ ሲቀድ መጥተን እናረዳታለን። መርዶ በስልክ አይነገር። በእመብርሃን ማይልኝ።"

ማልኩ። ለምን ማልኩ? እኔ... ሰው ሳይተጫጭ ሠርጉን የምጽፍ ሴትዮ!

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት

የድምፅ ሙከራ ላይ ነበርኩ። ለዐምዴ ብዬ በስልኬ እየቀዳሁ። ፀደንያ ፊት ካለው ወንበር ላይ ጃኬቷን አስቀምጣለች፤ ቦታ መያዧ ነው።

"እትዬ፣ መቼም አንቺ የማታውቂው የለም። ፍሥሐ ስልክ አያነሳም። አባቴ ተነስቶ ይሆን?"

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ።

"ይመጣሉ። መንገድ ላይ ናቸው።"

ሳቀች። አዲሱን ዘፈን ጀመረች... በየትኛው አፌ ነው ያልኩት?

የካቲት 8

ትናንት አዳራሹ ጢም አለ። እንደዚያ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። መሃል ላይ አንድ ጎረምሳ ጃኬቷን ገፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዘፈኑን አቆመችው።

"አንተ! የአባቴ ቦታ ነው፣ ተነስ!"

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ልጁም አፍሮ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ለወንበሩ ብቻ ነው የዘፈነችው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ምን ላድርግ? ሌላ ሰው እንዳይቀመጥ እጄን ጣል አደረግኩበት። ሌላ ምን እችላለሁ...

የአዲስ አበባው ሰውዬ፣ "ከፋሲካ በኋላ እኔ ጋ ናችሁ" አላቸው። ነቢዩ አለቀሰ። እሷ ግን በሩን በሩን ታያለች። "መኪና ተበላሽቶበት ይሆናል" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኳን። ፍሥሐ፣ እትዬ ለተጊዮርጊስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እኔ። ከፍታ ስታየን ገባት። ጮኸች... ጮኸችና የፍሥሐን ክንድ ያዘች።

"መቼ ነው የሚቀበረው?"

"ተቀበረ እኮ። ትናንት፣ ዘጠኝ ሰዓት" አላት ፍሥሐ መሬት መሬት እያየ።

ወደ እኔ ዞረች። "እትዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን እየዘፈንኩ ነበር?"

አውቃለሁ። ስልኬን ጋቢዬ ስር ሸሸግኩት።

የካቲት 21

ነቢዩና ባየው መጡ። አንኮበር ከሄደች ወዲህ ስልካቸውን አታነሳም። የአዲስ አበባው ሰውዬ መልስ እየጠበቀ ነው።

"አንቺ ብታናግሪያት ትሰማሻለች" አለ ባየው።

እኔን?

የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅም ደወለ። የወንበሩን ነገር ከየት እንደሰማ እንጃ። "እንባ የሚያስመጣ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ይመኙ!" የለኝም አልኩት። በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

መጋቢት 15

አርባቸው ዛሬ ነበር። አንኮበር ደርሼ መጣሁ። እትዬ ለተጊዮርጊስ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

"ይመኙ፣ ያ ቃል... ሳሉ ሲጀምረው ነው አሉ ያለው። 'ለጉንፋን ብላ ሥራዋን እንዳትተው' ነው ያለው። ለሞቱ አላለም። ፍሥሐ ደግ የሠራ መስሎት..."

"ፀደንያ ታውቃለች?"

"እሷ አይደለች ያወጣጣችው!"

ማንን ልቆጣ? ፍሥሐ ድንኳኑ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ እንግዳ ያስተናግዳል።

ፀደንያ ጸጉሯን ተላጭታለች። አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ነቢዩን ሌላ ዘፋኝ ፈልግ በይልኝ።"

"አንቺስ?"

"እንጃ።" ቆይታ ደግሞ፣ "ያን ቀን እየቀዳሽ ነበር አይደል? የዘጠኝ ሰዓቱን ላኪልኝ።"

"ፀደንዬ፣ እዚያ ላይ እኮ... እኔም አለሁ።"

"አውቃለሁ። እንዳትቆርጪው።"

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከፈትኩት። "ይመጣሉ። መንገድ ላይ ናቸው።" ሞቅ ያለ ድምፅ ነው፣ ማንም የሚያምነው። ቀጥሎ ሳቋ። ቀጥሎ ዘፈኑ። ጣቴ መቁረጫው ላይ ሄዶ ነበር። መልሼ እንዳለ ላክኩት።

ወዲያው ከፈተችው። ቅጂው አራት ደቂቃ ነው። ደብረ ብርሃን እስክንገባ ስልኩን ከእጄ አላወረድኩም። አሁንም ጠረጴዛው ላይ አድርጌው መልሷን እየጠበቅኩ ነው።

ምንም።