ምች ብለው የነገሩኝ

ረቡዕ
ባለፈው ሳምንት ከቀበሌዬ ጤና ኬላ «ኩፍኝ፦ ዜሮ» ብዬ የላክሁት ሪፖርት ስህተት ነበር። የትሁን የአራት ዓመት ልጅ ሽፍታ ወጥቶባታል፤ ከፊቷ ወደ ደረቷ ወርዷል። ዓይኗ ቀልቷል፣ ብርሃን ትሸሻለች። ትሁን «ምች ነው፣ ዳማከሴ ቀብቻታለሁ» አለችኝ። ባለፈው ዓርብ እዚሁ በር ላይ ቆሜ «ኩፍኝ የያዘው ልጅ አለ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። የለም አለች። አልዋሸችም። ጥያቄዬ ነው የተሳሳተው።
ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ወጥቼ ጤና ጣቢያ ደወልሁ።

ሐሙስ
ዛሬ የበሽታ ስም አልጠራሁም። ቤት ለቤት እየዞርሁ፣ በአዊኛ፦ ትኩሳት ያለው፣ ሽፍታ የወጣበት፣ ዓይኑ የቀላ? ሁለት ልጆች ተጨመሩ። ሁለቱም «ምች» ናቸው። ሁለቱም ክትባት አልጨረሱም። ከጤና ጣቢያ የመጣው ባለሙያ ከሦስቱም ደም ወሰደ። የአንዱ እናት እታገኝ «መርፌ ከነካው ይብስበታል» ብላ ልጇን አልሰጥም አለች። ለምኛት ነው የፈቀደችው።

ዓርብ
እንቅልፍ የነሳኝ የፊታችን እሑድ ነው። የትሁን ጨቅላ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና ይነሳል። ከእህቱ ለይተሽ አስተኚው አልኋት። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የት? ድግሱ ላይ ደግሞ የተጠራው ሁሉ ከነልጆቹ ይመጣል። ደጋሹ አማቷ ጋሽ ምኒችል ናቸው፤ ድግሱ ይዛወር አልኋቸው።
«አርባ ቀን ይዛወራል እንዴ፣ አንች ልጅ?»
«ክርስትናው አይቅር ጋሼ፤ ድግሱን ነው ያልሁዎት።»
«ጠላው ተጠምቋል፤ የቀረው ልጁ ነው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም፤ እሽ ያልሁ መሰላቸው።

ቅዳሜ
የእታገኝ ልጅ ትንፋሽ አጠረው። በባጃጅ አዘና ጤና ጣቢያ ገብቷል፤ ኦክስጅን ላይ ነው።
ጋሽ ምኒችል ይህን ሰምተው ጤና ኬላው ድረስ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም። «ይኸ ምች ያልነው ነው?» አሉኝ።
«እሱ ነው ጋሼ።»
«ጠላውንም እንጀራውንም ለየቤቱ ብንልከውስ?» አሉ። ከዚህ የተሻለ እኔም አላሰብሁም። ግን ታላቅ ወንድማቸው ከነልጅ ልጆቻቸው ከዳንግላ ተነስተዋል። ጋሽ ምኒችል ሳያማክሯቸው አይወስኑም፤ እንግዳ ከደጅ መመለስ ነውር ነው።
የደሙ ውጤት ረቡዕ ይደርሳል ተብሏል። የጋሽ ምኒችልን መልስ ግን ነገ፣ ከቅዳሴ በፊት እሰማለሁ።