በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት

ውድ ባለቤቴ፣ ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሆነ። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ አልጽፍልህም ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም። ፈርቻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ያ ስንት ዓመት የጠበቅነው ኮንዶሚኒየም ወጣልን፤ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ። ጡንቻዋ ለሚከዳት ሴት አራተኛ ፎቅ። ብትኖር እየሳቅህ ታዝለኝ ነበር። አሁን ሰው እንዳያውቅብኝ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሜ ስልክ የማወራ እመስላለሁ። ልጃችን ሂሩት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጎንደር ደርሷት ሰኞ ትሄዳለች።

ደሜን በማሽን እያዞሩ ፕላዝማውን የቀየሩልኝ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ጡንቻዬን የሚያጠቃው አንቲቦዲ ሲቀንስ ዐይኔ ተገለጠ፣ ውሃ ያለ ትንታ ዋጥኩ። አንተ ዳነች ብለህ ለሰፈሩ ሁሉ አወራህ። ሐኪሟ ግን ሰውነቴ መልሶ ሊሠራው እንደሚችል ነገረችን። የክር ፋብሪካ ሰው ነህና ቶሎ ገባህ፤ መጋዘኑ ባዶ ሆነ እንጂ ማሽኑ አልቆመም አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ጠዋት ጠዋት ሰርቪስህ ሳይመጣ የትንፋሼን አቅም ልትለካ በአንድ ትንፋሽ ታስቆጥረኝ የጀመርከው። መሀል ላይ ሰርቄ ስተነፍስ ትይዘኝና ከአንድ ታስጀምረኝ ነበር። እንዴት እናደድብህ ነበር። አርባ የደረስኩ ቀን ግን ግንባሬን ስመኸኝ ወጣህ። የታመምኩት እኔ፣ ቀድመህ የሄድከው አንተ። ይሄ እስከዛሬ አልዋጥልኝ አለ።

ባለፈው ሳምንት የደም ውጤቴ መጣ፤ አንቲቦዲው ተመልሶ ጨምሯል። ሐኪሟ ቁጥሩ ብቻውን አያስፈራሽ፣ ዋናው ትንፋሽሽ ነው ብላ እንዴት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ዋሸሁ፣ ታዴ። የሚይዘኝ ስለሌለ ሁለቴ ሦስቴ እየሰረቅኩ ነው ሠላሳ የምደርሰው። ለሂሩትም ሠላሳ እላታለሁ። እውነቱን ካወቀች አትሄድማ።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ይዤ ቆጠርኩ። ሳልሰርቅ። ዐሥራ አራት ላይ አለቀብኝ። ሻንጣውን ትታ ጫማዬን አመጣችልኝ፤ አራቱን ፎቅ ደግፋ አወረደችኝ።

ይሄን የምጽፍልህ ሆስፒታል ወረፋ ይዤ ነው፤ እሷ ካርድ ልታወጣ ሄዳለች። ፕላዝማውን ይደግሙልኝ እንደሆነ፣ ሰኞ ትሄድ እንደሆነ፣ ምንም አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ቃል ልግባልህ። በሕይወት እስካለሁ አንተን ሳላስብ አንድ ብዬ አልጀምርም፤ መሀል ላይም አልሰርቅም።

ያንተው አልማዝ