ከሌለ ምንጭ ውሃ ስለምትቀዳዋ ተማሪ

ይድረስ ለክቡር የትምህርት ቤታችን አዛዥ፤

ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የበረታ ይሁን እያልኩ፣ እኔ፣ ባለቤቴ ዋጋነሽና ልጃችን ጉዲቱ በፈጣሪ ቸርነት ደህና መሆናችንን አስታውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በመድኃኔዓለም ደጅ የለጠፍኩት እርስዎን ለማስከፋት ሳይሆን፣ ደግነትዎ በእኔ ቤት ብቻ ተወስኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ መንግሥትዎ ከባሕር ማዶ ከመምጣቱ በፊት በቀራንዮ የሚጠጣ ውሃ እንዳልነበረ ባለፈው ሰኞ በመምህርዎ በኩል ስላሳወቁን እናመሰግናለን። እስከዚያ ቀን ድረስ በምን ምክንያት በሕይወት እንደቆየን አናውቅም።

ሁለተኛ፣ የአሥር ዓመቷ ጉዲቱ በክፍል ውስጥ ተነሥታ፣ «እናንተ የመጣችሁት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ እኔ እስከዚያ ምን ጠጥቼ አደግሁ?» ብላ መጠየቋ ከባድ ጥፋት መሆኑን ተረድቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ መንደሩ ተጠራርቶ ምንጩን ሲጠርግ ልጄን ይዤ እሄድ ነበር፤ ጭቃውን በገዛ እጇ ስላወጣች ከመጽሐፍዎ ይልቅ እጇን አመነች። ደግሞም «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። በእርስዎ ዘንድ ተናግሮም ከክፍል እንደሚቀር የነገራት አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ወደ ክፍል እንድትመለስ እኔ «ውሃ አልነበረም» በሚል ወረቀት ላይ እንድፈርም፣ እስክፈርምም ድረስ እርሷ ለትምህርት ቤቱ በእንስራ ውሃ እንድትቀዳ ፈርደዋል። በዚህ ሳምንት የእንስራው ገመድ ትከሻዋን ልጦታል። ይህን ሳይ ያመኛል። የባሰ ያመመኝ ግን ሌላ ነው፤ ይህች በቀን ሃያ ጊዜ «ለምን?» የምትለኝ ልጅ አሁን ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ትምህርትዎ መሥራቱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሌሎቹ ወላጆችም ስለ ልጆቻቸው ዝምታ እርስዎን እንዳመሰግንላቸው አደራ ብለውኛል።

ያየውን እንዳላየ ለመሆን በትጋት የሚለማመድ፣ በመልካም ፈቃድዎ ሥር የሚተነፍስ፣

ታዛዥዎ ወዬሳ ቀጄላ
ቀራንዮ፣ ግንቦት ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ወረቀቱን አልፈረምኩም፤ አንድ ነገር አልገባኝም። መንግሥትዎ እስከ ዛሬ በቀራንዮ አንድም ጉድጓድ አላስቆፈረም። ታዲያ ዛሬ ጠዋት የጠጡትን ውሃ ልጄ ከየት እንደቀዳችልዎ መምህሩን ይጠይቁልኝ። እርስዎ ቢጠይቁ አይቀጡም።