ቀይ እስክሪብቶሽን አስቀምጪልኝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጠመኔው ጉሮሮዬን ያሳክከኛል ብለሽ ነበር፤ ተሻለሽ? የተከራየሽው ክፍል አሁንም ዝናብ ያስገባል? እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ጠዋት ጠዋት እንደ አሮጌ ማጠፊያ ይንቋቋል። እኔም ደህና ነኝ፣ ከመናደዴ በቀር።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ምላሴ ይታሰራል። «እሺ» እና «ደህና» ብዬ እዘጋለሁ። ይሄን የወረስኩት ከአባባ ነው፤ እሳቸውም ከሁለት ቃል አያልፉም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ይህን ስታነቢ ቀይ እስክሪብቶሽን አስቀምጪልኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት አንቺ ሄደሽ ቤት የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ነው፤ እሱን ዛሬ አላነሳውም። ስህተት አይጠፋብኝም ለማለት ያህል ነው። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።

የተናደድኩት በአባባ ጽሑፍ ነው። አንቺ እያለሽ የወርክሾፑን ወረቀት ሁሉ የምትጽፊው አንቺ ነበርሽ። ከሄድሽ ወዲህ ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ማንንም አያስነኩም። ሰፈሩ «ጋሽ ሚሊ» የሚላቸው በከንቱ አይደለም። የበሩ መዝጊያ ከመቃኑ በአንዲት ሚሊሜትር ከተዛነፈ አውልቀው እንደገና ይሠሩታል። ደንበኛው «ኧረ ይሁን ጋሼ፣ ማን ያየዋል» ቢላቸው፣ «እኔ አየሁታ» ብለው ጥፍራቸውን በክፍተቱ ይሰዳሉ። እኒያው ሰውዬ እስክሪብቶ ሲይዙ ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንዱ ፊደል ይዘለላል፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ዓረፍተ ነገሩ ተጀምሮ መንገድ ላይ ይቀራል። ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያመጣ፣ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። እንዲህ ያለ በር ቢሠሩ ራሳቸው በመጥረቢያ ይፈልጡት ነበር።

ልብስ ሰፊዋን ታስታውሻታለሽ፣ ያቺን መቀሷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትሄደውን። አምና ቁም ሳጥን አዘዘች። አባባ ውሉን በወረቀት ጻፉላት። መስታወት የሚል ቃል አለበት፤ ማን ያመጣዋል የሚል ግን የለበትም። እሷ እሳቸው ያመጣሉ ብላ ጠበቀች፣ እሳቸውም እሷን ጠበቁ። ቁም ሳጥኑ ቤቷ ሲደርስ በሩ መሃል ላይ የመስታወቱ ቦታ አፉን ከፍቶ ቆመ። አየችውና «ጋሼ፣ ይሄ ቁም ሳጥን ነው መስኮት?» አለች። የተሸከሙት ሰዎች ሁሉ ሳቁ። አባባ አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ በደጃችን ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፣ ጎረቤቶቿንም ወደ ሌላ አናጢ ትልካለች። ለሥራው አንድ እንከን አላወጣችለትም እኮ። ያጣላቸው ወረቀቱ ነው።

አሁን ደግሞ የጤና ጣቢያው ሥራ መጣ። አሥራ አራት በር። ይህን ካላገኘን አባባ ወርክሾፑን ዘግተው አደባባዩ አጠገብ ባለው ትልቁ የቤት ዕቃ መሥሪያ ሊቀጠሩ ነው። እዚያ የእንጨት መላጊያ የሚይዝ የለም፤ ቺፕውድ በማሽን እየቆረጡ በሙጫ ማጣበቅ ብቻ ነው። «ካርቶን ከምለጥፍ ብራብ ይሻለኛል» ይሉ የነበሩት ሰውዬ ባለፈው ጊዜ ሄደው ባለቤቱን አነጋገሩት። ሲመለሱ መሣሪያዎቻቸውን አንድ በአንድ አውጥተው በዘይት ጠረጉ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነርስ ናት፣ ሁሉም ሲስተር ይላታል። ወጣት ናት፣ ካንቺ ብዙ አትበልጥም። ራሷ ወርክሾፓችን መጥታ አንዱን በር ከፈተች፣ ዘጋች፣ ጆሮዋን አስጠግታ እንደገና ዘጋች። «ጋሼ፣ በሽተኛ የማይቀሰቅስ በር ማለት ይሄ ነው» አለች። አባባ ደስ ሲላቸው እንደሚያደርጉት እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አውርደው መልሰው ሰኩት። በጽሑፍ ያቅርቡ አለቻቸው፤ እንጨቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ውፍረቱ፣ ወደየት እንደሚከፈት፣ ማጠፊያና ቁልፉን ማን እንደሚያቀርብ፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ። ሁለት ቀን ተቀምጠው ጻፉ። ለእኔ ሳያሳዩኝ ወሰዱት።

ማክሰኞ ዕለት ሲስተር ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። እኔ ከተደረደሩት በሮች ጀርባ ሆኜ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት እያለሰለስኩ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። «ጋሼ፣ እጅዎ ጥሩ ይናገራል፣ ወረቀትዎ ግን ይንተባተባል። እኔ ሥራዎን አይቻለሁ። ኮሚቴው የሚያየው ግን ይሄን ብቻ ነው። አንዱ አባል ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ሰውዬው በሩን ሊሠሩ ነው ሊያፈርሱ? ብሎ ጠየቀኝ» አለቻቸው። እስከ ዓርብ አስተካክለው እንዲያመጡ ጊዜ ሰጠቻቸው። ደግ ሴት ናት። ግን ደግነቷ ከስድብ በላይ አሳፈራቸው።

እሷ ከመውጣቷ ጎረቤታችን በያጁ፣ ብልጭታ የምንለው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። «ጋሽ ሚሊ፣ ለፀጉር ክፍተት በር የምትጥል ሰውዬ ፊደልህ እንዴት እንዲህ ተንሻፈፈ? ለልጅቷ ስጣትና ታቃናልህ» አላቸው። አባባም «አንተ መጀመሪያ የበየድከውን አጥር አቃና፣ ፍየል እንኳ ሳይጎነበስ ያልፍበታል» አሉት። «አጥሬ ቢጣመምም እንዳንተ ወረቀት ተመልሶ አልመጣም» ብሎ ሄደ። ሌላ ቀን ቢሆን አባባ ይስቁ ነበር።

እኔም ድፍረት አገኘሁ። ለእኔ ድፍረት ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሦስት ጊዜ ሄጄ ውሃ ጠጣሁ። አባባ፣ እኔ ልገልብጥልዎት አልኳቸው። ገና አፌን ሳልገጥም «አንቺም ልታርሚኝ ነው?» አሉኝ። አልጮኹም፣ ቀስ ብለው ነው ያሉት። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እንጨት ፊደል አይቆጥርም፣ በሬን ያየ ሥራውን ይሰጠኛል፣ ያላየ ይቅርበት አሉ።

እንዴት እንደበገንኩ አልነግርሽም። ጣቴ እስኪላጥ እንጨት ሳሽ ዋልኩ። መላ ኑሯችን በአንድ ገጽ ወረቀት ሊሄድ ነው፤ ገጹን ማቃናት የምትችል ልጅ እቤታቸው ውስጥ አለች፤ እሳቸው ግን ኪሳቸው ከተው ይዞራሉ። እትዬ፣ ይሄ እልህ ካልሆነ ምን ይባላል? ደግሞ ያቺ «አንቺም» ያሏት ነገር ከነከነችኝ። ከእኔ በፊት ማን ነው ያረማቸው?

ረቡዕ ጠዋት አባባ ጣውላ ሊያዩ ወጡ። እኔ ደቃቁን ብርጭቆ ወረቀት ፍለጋ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ከፈትኩ። ታችኛውን መሳቢያ መንካት አልተፈቀደልኝም፣ ነካሁት።

መጀመሪያ ያገኘሁት አንድ ጣውላ ነው። ክንድ ያህል ይረዝማል፣ ግን እንደ ካርቶን ሳስቷል። ከዳር እስከ ዳር በአናጢ እርሳስ ተጽፎበታል፤ አንዱ ቃል ሃያ ጊዜ፣ ሌላው ቃል ሃያ ጊዜ፣ ልክ አንቺ ድሮ እኔን ታስጽፊኝ እንደነበረው። ሲሞላ በመላጊያ ይልጉታል፣ ይነጣል፣ እንደገና ይጽፉበታል። ጣት ያህል ውፍረት የነበረው ጣውላ እንዲህ እስኪሳሳ ስንት ጊዜ እንደተላገ አስቢው። ወለል ስጠርግ የእርሳስ ምልክት ያለበት ፍቅፋቂ አይ ነበር። የልኬት ምልክት እየመሰለኝ ሰብስቤ እሳት አያይዝበት ነበር።

ከጣውላው ሥር ደብዳቤው ተቀምጧል። የዛሬ ሁለት ዓመት አባባ ለአንቺ የጻፉት፣ አንቺም መልሰሽ የላክሽላቸው። ፖስታ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። መልስሽ ሲመጣ ቆመው ከፈቱት፣ ትንሽ አዩት፣ አጥፈው የሽርጣቸው ኪስ ከተቱት። ምን አለች ስላቸው «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባታል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብዳቤ ጽፈው አያውቁም።

አሁን አነበብኩት። ቀይ ነው፣ እትዬ። እንደ ተማሪ ደብተር ቀይ ነው። ግርጌው ላይ «አባባ፣ አራት ከአሥር፣ በርቱ» ብለሽ የሚስቅ ፊት ሥለሽበታል። ቀልድሽን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔንም ያስተማርሽኝ እንዲህ ነው፤ ደብተሬ ላይ ስትጽፊብኝ እስቅ ነበር። ማንበብና መጻፍ የማውቀውን ያህል ያወቅኩት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከቀይ እስክሪብቶሽ ነው፣ አልክድም። ያ ግን ደብተር አልነበረም። መናኸሪያ ድረስ ስላልሸኙሽ ቀን የጻፉት መስመር አለ። እኔ እንዲያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። አንቺ እዚያ መስመር ላይ ሦስት ቦታ አስምረሻል። ዝቅ ብሎ እዚህ ቤት ያለውን የክፍልሽን በር እንደቀየሩልሽ ይናገራሉ፤ መቼ መጥተሽ ታዪዋለሽ ብለው ይጠይቁሻል። አጠገቡ ትክክለኛው አጻጻፍ በቀይ ተጽፏል። መልሱ ግን የለም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ።

ከዚያ ጣውላውን እንደገና አነሳሁት። ለወርክሾፑ ብለው የሚለማመዱ መስሎኝ ነበር። መቃን የሚል ቃል ፈለግኩ፣ መዝጊያ የሚል፣ ማጠፊያ የሚል። አንድም የለበትም። ያሉት ያንቺ ቀይ ያረፈባቸው ቃላት ብቻ ናቸው።

ሁሉንም እንደነበረ መለስኩት። ንዴቴ አልበረደም፤ በማን ላይ እንደማወርደው ግን ጠፋኝ።

ሐሙስ ማለዳ ቀድሜያቸው ወርክሾፕ ገባሁ። አባባ ብዙ በር ሲሠሩ መጀመሪያ ከስስ ጣውላ ናሙና ይቆርጣሉ፣ ከዚያ ሁሉንም በናሙናው ልክ ያወጣሉ። ናሙና ከሰው መዋስ በአናጢ ዘንድ ነውር አይደለም፤ እሳቸውም ያውሳሉ፣ ይዋሳሉ። ስለዚህ ወረቀታቸውን አልነካሁም። አንድ ቁራጭ ጣውላ ላግኩና በአናጢ እርሳስ የበሮቹን ነገር በአጭር በአጭሩ ጻፍኩበት። በሩን የሚሠራው ማን፣ ማጠፊያውን የሚያቀርበው ማን፣ ወደ ውስጥ የሚከፈተው የትኛው፣ ወደ ውጭ የሚከፈተው የትኛው፣ በስንት ቀን። አናቱ ላይ «ናሙና» ብዬ ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና ውሃ ልቀዳ ወጣሁ።

ስመለስ ቆመው ያነባሉ። ጣውላውን ገለበጡት፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ማን ነው ይሄን የላገው?» አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። «ጫፉ ጋ ስትደርሺ እጅሽ ይከብዳል፣ አቅልዪው» አሉኝ። ከዚያ ተቀምጠው ንጹሕ ወረቀት አወጡና ከጣውላው እያዩ በገዛ እጃቸው ገለበጡ። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ሁለት ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሄጄ በጣውላው ላይ የቸገራቸውን ቃል በጣቴ ነካሁላቸው።

ዓርብ ዕለት ሲስተር ወረቀቱን እፊታችን አነበበችው። አንዴ ብቻ። «ጋሼ፣ ይሄስ እንደ በርዎ ገጠመ» አለች። ትናንት መልሱ መጣ፣ ሥራው የእኛ ሆኗል። ብልጭታ ይሄን ሲሰማ ሮጦ መጥቶ «የጤና ጣቢያውን የደጅ የብረት በር ለእኔ አሰጠኝ እንጂ» አለ። አባባ «ወረቀት ጽፈህ አቅርብ» አሉት።

ድል አደረግን የምል እንዳይመስልሽ። አሁንም ያናድዱኛል። ደጃችን ላይ ጽፈው የሰቀሉትን በስህተት የተሞላ ማስታወቂያ አላወርድም ብለዋል። በነጭ ቀለም አሳምሬ ልጻፈው ስላቸው «ሰው ለምዶታል» ይሉኛል። መንገደኛ እየቆመ ፎቶ ያነሳዋል፤ አባባ ለማድነቅ እየመሰላቸው ቀና ብለው ይቆማሉ። አናጢም ይሁን ልብስ ሰፊ፣ የጻፈው ለሰው ካልገባ እጁ ብቻውን አያበላውም። በዚህ ዛሬም ከአንቺ ጋር ነኝ፤ የልብስ ሰፊዋን ፊት ባየሁ ቁጥር አምንበታለሁ። ግን ሰው ሲታረም ደግሞ፣ የጻፈውን መጀመሪያ ያነበበለት ሰው ያስፈልገዋል።

ዛሬ ጠዋት ወለል ስጠርግ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ረጅም ፍቅፋቂ አገኘሁ። እሳት ውስጥ አልጨመርኩትም። ፖስታው ውስጥ አለልሽ፤ እንዳይሰበር ቀስ ብለሽ ዘርጊው። እርሳሱ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። ያው የዚያን ጊዜው የበርሽ ጥያቄ ነው። እኔ እስከማውቀው አንድም ስህተት የለበትም። ቢኖርበትም አትንገሪያቸው።

ስትጽፊላቸው የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። አንድ ሁለት ቦታ ብትሳሳቺም አይከፋም። አዲስ ጣውላ አውጥተዋል፣ ወፍራም ነው። እስኪሳሳ አታስጠብቂያቸው።

ጉሮሮሽን ይማርልሽ። ጣራሽን ይድፈንልሽ። ተማሪዎችሽ የሚሰሙሽ ይሁኑ፣ መንገድሽም ወደ ቤት የሚያደርስ።

ወለል የምትጠርገው ታናሽ እህትሽ