ከማርቆስ እግር ስር ያለው

ማክሰኞ፣ ጥር 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዛሬ ሲቀላ ሰፈር ባለው ፀጉር ቤት ስለ ዘመናዊ ታንክ ሳስረዳ ዋልኩ። እየሮጠ ዒላማ እንደማይስት፣ በጨለማ እንደሚያይ። ጡረተኛው ታንከኛ ሃምሳ አለቃ ታደሰ አቋረጠኝ።

«የመድፉ ጥይት የት ነው የሚቀመጠው?»

«ኋላ ነዋ።»

«በኛዎቹ ታንኮች ከተኳሹ እግር ስር ነው፣ ዙሪያውን። ጥይቱ ከተመታ መድፉ ከነሰዎቹ ተነቅሎ ይበራል።»

ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ የታንክ ተኳሽ ነው። ከመንደራችን ከጫኖ ወጥቶ ወታደር ሲቀጠር «ብረት ውስጥ ያለ ሰው አይሞትም፣ ታንክ ጠይቅ» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ መድፉ ሁሉም ያወራል፣ ስለ ወለሉ ግን የነገረኝ የለም።

ወጥቼ ደወልኩለትና «ጥይቱ ከእግርህ ስር ነው እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ።

«አንተ የማታውቀው አለ እንዴ፣ ወንድሜ? አውቀህ የመከርከኝ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«እንዴታ፣ አውቄ ነው» አልኩት። ለምን እንዳልኩት እንጃ።