አዋዜውን ለይተሽ አስቀምጪ

ውድ ቤዛ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ከናፍቆትሽ ሌላ ሦስት ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ስላለ፣ ገና ከመጀመሪያው መስመር ልዋሽሽ አልፈለግሁም። ስልክሽ አይሠራም። አዲስ አበባ እንደምታስተምሪ የነገረችኝ የድሮ ባልደረባሽ ናት፤ ደብዳቤውንም የምታደርስልኝ እሷው ናት።

ሻይ ቤቱ አሁንም እዚያው ወረታ፣ የደብረ ታቦር መገንጠያ ላይ ነው። ባጃጆቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው እንደ ድሮው መውጫ ያሳጡኛል። አንቺ በቀይ ቀለም የጻፍሽልኝን «ስንዱ ቁርስና ቡና» ፀሐይ በልቶት አሁን የሚነበበው «ቡና» ብቻ ነው። ላስጠግነው እልና እጄ እምቢ ይለኛል፤ ያንቺ እጅ ጽሑፍ ነዋ።

ለማስተማር ተመድበሽ የመጣሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ነሐሴ መጨረሻ ነበር። ከአውቶቡስ ወርደሽ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ ሳትጠብቂ፣ ውኃ እየተንጠባጠብሽ ገባሽና «እርጥብ አለ?» አልሽኝ። ከእግር እስከ ራስሽ አየሁሽና «ኧረ ካንች ወዲያ እዚህ ቤት ሌላ እርጥብ የለም፣ እህቴ!» ብዬ ፎጣ አቀበልሁሽ። አንቺ ፎጣውን እንዳቀፍሽ በሳቅ ወንበሩ ላይ ወደቅሽ። እኔ ደግሞ ይቺን ልጅ ብርዱ ናላዋን አዞረው ብዬ ትኩስ ሻይ ልቀዳልሽ ሮጥሁ። እኛ ዘንድ እርጥብ የሚባለው ያልደረቀ እንጨት ነው። አዲስ አበባ ላይ ዳቦ ተሰንጥቆ የተጠበሰ ድንችና አዋዜ ሲገባበት እርጥብ እንደሚባል በምን ልወቅ?

በማግስቱ ወጥ ቤቴ ገብተሽ ሠርተሽ አሳየሽኝ። ድንቹን ቀጠን አድርገሽ ጠበስሽ፣ ዳቦውን መጥበሻው ላይ ገልበጥ አድርገሽ አሞቅሽ። አዋዜው ግን የእኔ ነበር። አንድ ጊዜ ገመጥሽና ዓይንሽን ጨፍነሽ «ስንዱዬ፣ ይሄ አዋዜ አዲስ አበባ ቢገባ ሰው ይጋደልበታል» አልሽ። በወር ውስጥ ወረታ «እርጥብ» ማለትን ለመደ። ያ ሁሉ ደቀ መዝሙር የሚፈራቸው መሪጌታ ዓለምብርሃን እንኳ በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋቢያቸውን ሰብስበው ይመጡና «እስቲ ያችን እርጥባችሁን አምጭልኝ፤ ቡናዬ ላይም ጤና አዳም ጣል አድርጊበት» ይሉኝ ነበር።

ባሕር ዳር የሄድንበት ቅዳሜስ? ሐይቁ ዳር ካለው ካፌ ክለብ ሳንድዊች አዘዝሽልኝ። እንጨት ተሰክቶበት እንደሚመጣ ማን ነገረኝ! እንደ ቆሎ ስቆረጥመው አስተናጋጁ ደንግጦ መጣ። አንቺማ በሳቅ እንባሽ ፈሰሰ። እኔም ለመበቀል ማኪያቶሽን ቀመስሁና «ይህ ወተት ላም አይቶ አያውቅም» አልሁሽ። በማግስቱ እሑድ እናቴ ባየች ከቁሐር ሚካኤል የላከችውን የፎገራ ላም ወተት አሙቄ፣ የጀበና ቡና ጠብ አድርጌበት፣ አይብና አዋዜ በዳቦ አድርጌ ክፍልሽ ደጃፍ ላይ አቀረብሁልሽ። ጨርሰሽ ጣትሽን ልሰሽ ስታበቂ «ሁለተኛ ባሕር ዳር አልሄድም» አልሽ። ከዚያ በኋላ ጾም ካልሆነ በቀር እሑዳችን ሁሉ እንደዚያ ነበር። አሁን እሑድ ሲመጣ ዳቦውን ለሁለት እቆርጠዋለሁ፤ ግማሹ ይደርቃል።

እንግዲህ ወደማይቀረው ልምጣ።

ያ ሰኞ። በበዓለ ሃምሳ ጾም ስለሌለ አዋዜውን በእናቴ ንጥር ቅቤ እለውሰው ነበር፤ መሪጌታም ወደውት ነበር። የሰኔ ጾም ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ መግቢያው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ካህናቱና ትልልቆቹ እንጂ ወጣቱ ብዙም አያስታውሰውም። አንቺ ግን አስታወስሽ። ጠዋት ወደ ክፍል ስትሄጂ በበሩ ብቅ ብለሽ «ስንዱዬ፣ ዛሬ ጾም ገብቷል አይደል? አዋዜውን ቀየርሽው?» አልሽኝ። ገበያተኛ ከቦኝ ነበር። «አዎ፣ ቀይሬዋለሁ» አልሁሽ። አልቀየርሁትም ነበር። ትንሽ ቆይቼ እቀይረዋለሁ ብዬ ነው፤ ከዚያ ረሳሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰሽ እንደ ልማድሽ ሽርጥሽን አገለደምሽ። የመሪጌታን እርጥብ አዘጋጅተሽ በእጅሽ አቀረብሽላቸው። አንድ ጊዜ ገመጡና ማኘካቸውን አቆሙ። ዳቦውን ሳህኑ ላይ መልሰው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከጎናቸው የነበረው የሩዝ ነጋዴው ወገኔ ሳህኑን አንስቶ አሸተተ።

«ቅቤ! በጾም ቅቤ! እኔስ ድሮም ብያለሁ፤ ያዲሳባ ልጅ ጾሙን ከየት ታውቀዋለች?» አለ።

ቤቱ ሁሉ ወደ አንቺ ዞረ። አንቺ ወደ እኔ ዞርሽ።

እኔ ቡና እየቀዳሁ ነበር። ቀና አላልሁም። ስኒው ሞልቶ ትሪውን ሲያጥለቀልቀው እንኳ መቅዳቴን አላቆምሁም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የባየች ልጅ መሪጌታን ጾም አስገደፈች» ከተባለ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ማን ይገባል? በዚያ ዓመት የእናቴን ሩዝ ጎርፍ ወስዶት ነበር፤ ሁለታችንም የቀረን ያ ሻይ ቤት ነበር። ይህን ስልሽ ማመካኘቴ አይደለም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«አጥፍቻለሁ አባቴ፣ ይቅር በሉኝ» አልሽ። ሽርጥሽን ፈትተሽ ሚስማሩ ላይ ሰቀልሽና ወጣሽ።

አመሻሽ ላይ ቡና አፍልቼ ጠራሁሽ። «ራሴን አሞኛል» አልሽኝ። አንድ ቃል ብትሰድቢኝ ኖሮ ምናልባት ያኔውኑ እውነቱን አወጣው ነበር። ተማሪዎችሽ «መምህርት ቅቤ» ሲሉሽ ሰማሁ፤ ያንንም ዝም አልሁ። ክረምቱ ሲገባ ዝውውርሽ መጣ። ዕቃሽን አውቶቡስ ላይ ያሰቀልሁት እኔ ነኝ። በመስኮቱ ጎንበስ ብለሽ «ስንዱዬ፣ አዋዜውን ለይተሽ አስቀምጪ» አልሽኝ። «ዬ»ዋን እንኳ አልነፈግሽኝም። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

አዋዜውን ለይቻለሁ። ሁለት ብልቃጥ አለኝ፤ አንዱ ላይ «ጾም»፣ አንዱ ላይ «ፍስክ» ብዬ ጽፌያለሁ። መሪጌታ ግን ከዚያ ወዲህ እርጥብ አላዘዙም። መጥተው ቡናቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ያንቺ የመሰላቸውን ጥፋት አልረሱም ብዬ አስብ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ እምቢ ይለኝ የነበረው ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ወጣ። «ቅቤው የእኔ ነበር አባቴ። እሷማ ጠዋት ጠይቃኝ ነበር፤ ቀይሬዋለሁ ብዬ ዋሸኋት» አልኋቸው።

«ሦስት ዓመት ቆየሽ» አሉኝ።

«ያውቁ ኖሯል?»

«ቁሐር ተወልጄ የባየችን ቅቤ ከነኮሰረቱ የማላውቀው መሰለሽ? ገና ስገምጠው ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

መሪጌታ ሲያፍሩ አይቼ አላውቅም ነበር። «እኔም እንዳንችው ነዋ፣ ልጄ» አሉ። «ያን ሁሉ ሰው ሲያያት አፌን ሸፍኜ ተቀመጥሁ። ቅቤውን ሳላውቅ ነው የበላሁት፤ ዝም ያልሁት ግን አውቄ ነው። ቅቤውን ንስሐ ገብቼበታለሁ። እሷን ግን ይቅር በይኝ ያላልኋት፣ በምን አፌ ብዬ ነው። አሁን ሂጅና ጻፊላት፤ የእኔንም አብረሽ ጻፊ። እሷ በእጇ ካላቀረበችልኝ እርጥብ አልቀምስም በያት።»

ይኸው ጻፍሁ።

ሰኞ ደግሞ ቤቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጀበናውን አስቀምጬ ለሁሉም ተናገርሁ። አንድም አላስቀረሁም። ወገኔ እርጥቡን እንደ ያዘ ቀረ። «ታዲያ ያን ጊዜ ምነው ዝም አልሽ? እኔንስ የሰው ልጅ ስም አስጠፋሽኝ አይደል?» አለና ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ሁለት ቀን ድርሽ አላለም። ሌሎችም የቀሩ አሉ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ፣ ሳያየኝ፣ «ያች መምህርት መቼ ነው የምትመጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁት።

እውነቴን ነው፣ አላውቅም። እንድትመጪ ልለምንሽ መብት የለኝም፤ ቢሆንም እለምንሻለሁ። ዘንድሮም የሰኔ ጾም ሊገባ ነው። ሐምሌ አምስት ይፈታል፤ ትምህርት ቤትሽም ያኔ ይዘጋል። ሜዳው ውኃ ተኝቶበት ሩዙ ብቅ ብሎ ታገኚዋለሽ። እናቴ ቅቤውን አስቀምጣልሻለች። ወተቱን አሙቄ፣ ቡናውን ጠብ አድርጌ፣ እሑዳችንን ከተውንበት እንቀጥለዋለን። ልትሰድቢኝ ከፈለግሽም መጀመሪያ ብዪ፤ ባዶ ሆድ ስድብ አያምርም።

ዝናቡ መንገድ ላይ ከያዘሽ የትም አትጠለዪ። እንደዚያን ቀን በበሩ ገብተሽ «እርጥብ አለ?» በይኝ። አዋዜው ተለይቷል። ፎጣውም ሚስማሩ ላይ፣ ማንም ካልነካው ሽርጥሽ ጎን ተሰቅሏል።

ቅቤውን የለወሰችው፣
ስንዱሽ
ወረታ